ስልኩ ያልደወለ ዕለት

አያ እንድሪስ መሞቱን ያወቅኩት ስልኬ ሳይጮህ በመቅረቱ ነው።

አርብ ነበር። ጁምዓ ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ወጥቷል፤ የከሚሴ መንገድ በባጃጅ ጥሩምባ ተሞልቷል፤ እኔ ግቢዬ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። ስልኬን እንደ ልማዴ ከሳፋው አጠገብ ዱካ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አርብ ከጁምዓ በኋላ አያ እንድሪስ ይደውላል። ስንት ዓመት ሙሉ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም። ታሞ ደውሏል። ልጁን በዳረበት ቀን ደውሏል፤ ከበስተኋላው እልልታው እየተሰማ እሱ የኔን ልጆች በየስማቸው ይጠይቃል። ያን ዕለት አልደወለም።

ልብሱን አጥቤ ጨረስኩ። ጨምቄ አሰጣሁ። ባለቤቴ ከቤት ወጥቶ ሲያየኝ «ምነው፣ ምን ሆነሻል?» አለ።

«አያ እንድሪስ ሞቷል።»

«ኧረ በአላህ! ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አልደወለም።»

«እና ስላልደወለ ገደልሽው? ባትሪው አልቆ ይሆናላ። አንቺስ ለምን አትደውዪለትም?»

አልደወልኩም። እሱ ባትሪ ካለቀበት በእግሩም ቢሆን እንደሚመጣ አውቃለሁ። የግቢውን በር ከፍቼ መንገዱን አየሁ። በዚያ ሙቀት ኮት የሚለብስ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰውዬ አይታይም። በሩን ዘጋሁት። ላልቅስ ብል እንባ የለም። ደረቴ ውስጥ ምንም የለም። እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ በቃ። ቁጭ ብዬ ልብሱ ሲደርቅ አየሁ።

ስልክ ስላልደወለ ሰው ሞቷል ማለት ለሌላ ሰው አይገባም። ባለቤቴ እንኳ አብሮኝ እየኖረ አልገባውም። እስቲ ከመጀመሪያው ላውራው።

ከአያ እንድሪስ ጋር መጀመሪያ የተዋወቅነው በድምፅ ነው። እኔ ከኮሌጅ የወጣሁ ሰሞን ከጨፋ ሸለቆ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። እሱ ደግሞ ታች ሜዳው ላይ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ፣ በትልቁ ትምህርት ቤት ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተምራል። ሰው የኛን «ላይ»፣ የነሱን «ታች» ነው የሚለው። ላይ ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። አምስተኛ የሚማር ልጅ ቁልቁለቱን ወርዶ ቦርከናን መሻገር አለበት፤ ቦርከና ደግሞ ሲሞላ የማንንም ልጅ አይምርም። ስለዚህ የላይ ልጅ አራተኛን ይጨርስና ቤቱ ይቀራል። ወንዱ ከብት ይከተላል፣ ሴቷ ባል ትከተላለች። ይሄ ለማንም አዲስ ነገር አልነበረም። እኔም ተመድቤ በሄድኩ በወሩ ለምጄዋለሁ።

ያልለመደው እሱ ነው። በዚያ ሰሞን የስልክ ማማ ተተክሎ ተራራው ላይም ኔትወርክ መያዝ ጀመረ። ሌላው ሰው ስልክ ገዝቶ ዘመዱን ሲጠይቅበት፣ አያ እንድሪስ ኮቱን ለብሶ ወረዳ ሄደ። «ለላዮች አምስተኛን ክፈቱላቸው» አለ። «ሌላውን ትምህርት እዚያው ያሉት መምህራን ይሸፍኑ። ሒሳብና እንግሊዝኛውን እኔ ክፍሌ ውስጥ ቆሜ፣ የኔን ልጆች ሳስተምር፣ እነሱንም በስልክ አስተምራቸዋለሁ።»

ተሳቀበት። «በስልክ ኒካህ ሲታሰር ሰምተናል፣ በስልክ ክፍል ሲከፈት ግን አልሰማንም» ያለው ነበር። ሳቁን ጨርሰው እስኪያበቁ ቆሞ ጠበቃቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ነገራቸው። በመጨረሻ ለአንድ ዓመት ይሞከር ተባለ። ዓመቱ ሲያልቅ ወረዳው ራሱ ልጆቹን ይፈትናል። ካለፉ አምስተኛ ክፍል ይቀጥላል፣ መምህርም ይመደባል። ካላለፉ ይዘጋል፣ ልጆቹም ወደየቤታቸው።

የመጀመሪያው ቀን አሁንም ዓይኔ ላይ ነው። ክፍላችን ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው መስኮቱ ጥግ ብቻ ነበር። የቀበሌውን የስብሰባ ድምፅ ማጉያ ለምነን አምጥተን ከመስኮቱ ሚስማር ላይ ሰቀልነው፤ ስልኬን በጎማ ላስቲክ ከመናገሪያው ጋር አሰርኩት። ማጉያው ሲጮህ ጆሮ ይበጥሳል። ከጩኸቱ ውስጥ አንድ ረጋ ያለ ድምፅ ወጣ።

«ላዮች፣ አላችሁ?»

ልጆቹ ዞረው እኔን ያያሉ። «መልሱለት እንጂ!» አልኳቸው።

«አለን!»

«ታቾችም አለን። በሉ ሰላም ተባባሉ።»

እኔ መቼም ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ ዛሬም የለኝም። ሒሳብ ይጀምራል ብዬ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ጋ ቆሜአለሁ፤ እሱ ሰላምታ ያስጀምራል። የኛን አገር ሰላምታ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። «አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ?» ይባላል፤ «ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ?» ይባላል፤ ሰው ተጠይቆ ሲያልቅ ከብት ይጠየቃል፣ ከከብት በኋላ ዝናብ፣ ከዝናብ በኋላ እህል። አያ እንድሪስ ይባስ ብሎ ለእያንዳንዱ የላይ ልጅ አንድ የታች ልጅ ጓደኛ መደበለት። በየቀኑ ተራ የደረሳቸው ይነጋገራሉ። «ደህና ነን» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው። «የተጠየቅሽውን ሙሉውን መልሺ» ይላል። «ላሟ ከወለደች ወልዳለች በይ። ወይፈን ነው ጊደር ንገሪያት። እሷ እዚያ ሆና አታይም፤ አንቺ ነሽ የምታሳዪያት።»

«አያ እንድሪስ፣ ሰዓቱ በሰላምታ አለቀ እኮ!» እላለሁ ከመስኮቱ ጥግ።

«አብሽሪ ከዲጃ። ሰላም ያልተባባለ ልጅ ምን ብሎ አብሮ ይማራል?»

ይሄን ሲል እጁን እንደሚያወናጭፍ ኋላ ሄጄ ሳየው ነው ያወቅኩት። ሲያስተምር ወደ ስልኩ ዞሮ፣ ጠመኔውን እያወዛወዘ፣ ላዮች እንደሚያዩት ሁሉ ፈገግ ይላል። ስልኩን ከትምህርት ውጭ በመሐረብ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ነው የሚይዘው፤ ከፍቶ ሲያወጣው እንቁላል የያዘ ነው የሚመስለው።

ክፍልፋይ ያስተማረበትን ቀን ልንገራችሁ። ከዋዜማው «ነገ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ጥንቅሽ ይዞ ይምጣ» አለን። ጥንቅሽ ያው ያ ጣፋጩ የማሽላ አገዳ ነው፤ በመኸር ላይም ታችም ሞልቷል። በማግስቱ «አገዳችሁን ያዙ» አለ። «አንጓውን ቁጠሩ። ሙሉው አገዳ አንድ ነው። አሁን አንድ አንጓ ስበሩ። የሰበራችሁት ስንት ስንተኛው ነው?» አገዳ ሲሰበር ከታች በስልክ ቀሽ ቀሽ ሲል ይሰማል፤ ከላይም ይሰበራል። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ብስልላቸው የማይገባቸው ልጆች ጥያቄውን እየቀሙ ይመልሳሉ። ሲጨርስ «በሉ አሁን ብሉት» አለ። ሁለት ክፍል ሙሉ ልጅ በተራራና በሜዳ ቆርጥሞ ሲመጥ አንዱ የሌላውን ይሰማል። እኔም አንዱን ቀምቼ በላሁ። በሕይወቴ ካየሁት ትምህርት የሚበልጠው እሱ ነው።

ልጆቹ በመልክ አይተዋወቁም ነበር። አንድ የገበያ ቀን ጨፋ ሮቢት ላይ አንድ የላይ ልጅ ከእናቱ ጋር ዶሮ ሲሸጥ አንድ የታች ልጅ ድምፁን ሰምቶ «አንተ! ያቺ ጥቁር ፍየል የጠፋችባችሁ አይደለህም እንዴ?» ብሎ አነቀው አሉ። ተቃቅፈው ሳሉ ዶሮዋ አመለጠች።

በበልግ ግን ያ ነገር መጣ።

ዘሀራ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ዝምተኛ ናት፤ ሒሳብ ላይ ግን እሳት። አባቷ በድሩ በሬ ሊሸጥ ወደ ጨፋ ሮቢት ወርዶ ነበር፤ ማታ አልተመለሰም፤ ታች ዘመድ ጋ አድሮ ይሆናል ተብሏል። በማግስቱ ጠዋት የሰላምታው ተራ የዘሀራ ነበር። ታች ያለችው ጓደኛዋ ሐዋ ትባላለች። አያ እንድሪስ ከሚሴ ለስብሰባ አድሮ በቀጥታ ክፍል መግባቱ ነው፤ ምንም አልሰማም።

ሰው ተጠየቀ፣ ከብት ተጠየቀ። ዘሀራ «አባዬ እናንተ ጋ ነው ያደረው፣ ተነሳ?» አለች።

ሐዋ ሙሉውን መልሺ ተብላ ነው ያደገችው። «አባትሽን ቦርከና ወሰደው» አለች። «ዛሬ ጠዋት ወንዙ ዳር አገኙት። ሞቷል።»

ማጉያው ነው የተናገረው። ያ ለስብሰባ የሚጮህ፣ ለግብር የሚጮህ ማጉያ። ከዚያ የአያ እንድሪስ ድምፅ «ሐዋ! ሐዋ!» ሲል ተሰማ፤ ቀጥሎ «ከዲጃ ዝጊው፣ ዝጊው» አለ። ጣቴ ስልኩን ነክቶ ቁልፉን አላገኘውም።  ዘሀራ ቆማ ነበር። ሰላምታው መጨረሻ ላይ የሚባለውን አለች፤ «ነጋቲ፣ ደህና ዋሉ» አለች። ከዚያ ደብተሮቿን በፌስታል ከትታ በበሩ ወጣች። ተከተልኳት እንጂ ምን እንዳልኳት አላውቅም።

በኛ አገር ሞት እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ ቤት ድረስ ይኬዳል፤ ሰውየው ይቀመጣል፤ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ይኖራል፤ ከዚያ ነው መርዶው የሚነገረው። የታች ሽማግሌዎች በማግስቱ ጠዋት ሊወጡ ተነጋግረው ነበር። ልጅቱ ግን ከሚስማር ላይ ከተሰቀለ ነገር ሰማች። እናቷ በለቅሶው ላይ ደረቷን እየመታች «ልጄን የሚይዛት ሰው ሳይኖር! ልጄን የሚይዛት ሰው ሳይኖር!» ትል ነበር። ከባሏ ይልቅ ለዚህ ነው ያለቀሰችው።

አያ እንድሪስ በዚያው ቀን፣ ውሃው ጎደል ሲልለት፣ ዳገቱን ሽቅብ መጣ። ፊቱን መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው። ኮቱ እስከ ወገቡ ረጥቧል። ማንንም ስለ ትምህርት አላናገረም። ለቅሶው ቤት ጥግ ተቀመጠ፣ ዱዓ ሲደረግ አሚን አለ፣ ውሃ ቀዳ፣ እንግዳ ተቀበለ። ለቅሶው እስኪያልቅ ታች አልወረደም።  

ለቅሶው ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ ጠሩት። ወላጅ ሁሉ ልጁን አስቀርቶ ነበር። «ያ ስልክ ከእንግዲህ እዚህ አይጮህም» አሉት። አንዱ ደግሞ ለዘብ ብለው «ወይ ሰላምታው ይቅርና ሒሳቡ ብቻ ይምጣ» አሉ።

«ሰላምታው ከቀረ እኔም እቀራለሁ» አለ አያ እንድሪስ። ደፋርነቱ ገርሞኛል፤ ጥፋተኛ ሆኖ ተቀምጦ እንዲህ ይላል። «አባቶቼ፣ ልጆቹ ስለተጠያየቁ አይደለም ጉዱ። እኔ ሳላጣራ ስለደወልኩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከመደወሌ በፊት ታችን ሁሉ እጠይቃለሁ። የላይን ሰው የሚመለከት ሞት ካለ ስልኩ አይደወልም። ወላሂ አይደወልም። ሰው ነው የሚመጣው፤ እኔ እመጣለሁ። በሰዓቱ ካልተደወለ መንገዱን እዩ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያኔ ዘሀራ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። እንዲህ ካለ ሸንጎ ላይ ሴት ልጅ፣ ያውም ሐዘንተኛ፣ አትናገርም።

«ስልኩን እኔ ልያዘው» አለች። «ሲደወል መጀመሪያ በጆሮዬ ልስማው። ደህና ከሆነ ማጉያው ላይ አደርገዋለሁ። ደህና ካልሆነ እዘጋዋለሁ።»

«ክፉውን አንቺ ልትሰሚው ነዋ ታዲያ!» አሏት አንዱ ሽማግሌ።

«እኔማ ሰምቻለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ የተከራከረ አልነበረም። ክፍሉ ተከፈተ። በየጠዋቱ ስልኩ ይጮሃል፤ ዘሀራ ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች፤ እሱ ቀስ ብሎ ይነግራታል፤ ራሷን ትነቀንቅና ከማጉያው ጋር ታስረዋለች። «ላዮች፣ አላችሁ?» ይላል። «አለን!» ይላሉ፤ እሷም ትላለች። ሐዋን በስሟ ጠርታ ከብቶቹን የጠየቀችበት ቀን ታች ያለችው ልጅ በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማናት።

አንድ ቀን በሰዓቱ አልደወለም። ልጆቹ ደብተር አልከፈቱም። እያንዳንዱ የራሱን ሰው እየቆጠረ መሆኑ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ታች አጎት የሌለው፣ አያት የሌለው የለም።  በር ላይ ወጥተን ተኮልኩለን መንገዱን አየን። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ያ ኮት ከታች ብቅ አለ፤ እየሮጠ፣ እየቆመ፣ ጉልበቱን እየያዘ። ገና ከሩቅ ሁለት እጁን አንስቶ «ሁሉም ደህና ነው! ሁሉም ደህና ነው! ባትሪ ነው!» ይላል። ለአንድ ባትሪ ያን ሁሉ ዳገት! ውሃ ሰጠሁት። «ምነው ሰው አትልክም ነበር?» ብለው «ሰው ብልክ ሲያዩት ይደነግጣሉ ብዬ ነው፤ እኔ ራሴ ከመጣሁ ግን ከሩቅ ስስቅ ያዩኛል» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ ተቆጣሁት። ደስ ብሎኝ ነው የተቆጣሁት።

ዓመቱ ሲያልቅ ወረዳው መጥቶ ፈተነ። ዘሀራ ከላይም ከታችም አንደኛ ወጣች፤ ከሷ በታች ያሉትም አብዛኞቹ አለፉ። አምስተኛ ሳይዘጋ ቀረ፤ ቀጥሎ ስድስተኛ ተከፈተ፤ መምህርም ተመደበ። ስልኩ ከዚያ በኋላ ለትምህርት አላስፈለገም። ማጉያውም ወደ ስብሰባው ተመለሰ። እኔ አግብቼ ወደ ከሚሴ ተዛወርኩ።

አያ እንድሪስ ግን መደወሉን አልተወም። በየአርቡ «ላዮች፣ አላችሁ?» ይለኛል። ከሚሴ ሜዳ ላይ ናት፤ ለሱ ግን እኔ ሁልጊዜ ላይ ነኝ። «አለን» እላለሁ። ከዚያ ሰው፣ ከብት፣ ዝናብ፣ እህል። ከብት የለኝም እኮ ብለው «ድመቷስ?» ይላል። አንዳንዴ ሥራ በዝቶብኝ ያሰለቸኛል። ያም ሆኖ አነሳለሁ።

ያን አርብ ማታ ልብሴን እንደለበስኩ ጋደም አልኩ። በማግስቱ ገና ከሱብሂ ሰላት ስነሳ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት ወጣት ሴት። ሴቲቱ ዘሀራ ናት፤ ላይ ባለው ትምህርት ቤታችን አሁን የምታስተምረው እሷ ናት። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል።

አውቃለሁ ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። እንደማያውቅ ሰው «እንዴት አደራችሁ? በጠዋት ምን እግር ጣላችሁ?» አልኳቸው። ገቡ፣ ተቀመጡ። ሁሉንም በየተራው ጠየቅኳት። «ልጆቹስ?» «ደህና ናቸው፤ ስምንተኛዎቹ ለፈተና እየተዘጋጁ ነው።» «ከብቱስ?» «ቀይዋ ላማችን ወልዳለች፤ ጊደር ናት።» «ዝናቡስ?» «ዘንቧል፤ ማሽላው ይዟል።» አንዱንም አላሳጠረችውም።

ከዚያ «አያ እንድሪስስ?» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተነስተው ግራና ቀኜን ያዙኝ። «አደራ በስልክ እንዳትነግሯት ብሎን ነው» አሉ አንዱ። ዘሀራ ተንበርክካ እጄን በሁለት እጇ ያዘች፤ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ፣ ሌላ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ ነገረችኝ።

ያኔ አለቀስኩ።